ቫኪዩም ጠረጴዛን ለባሕር ዳር አየር ማስተካከል

ቫኪዩም ጠረጴዛ በራውተር (እንጨት በሚቆርጥና በሚልግ ማሽን) ላይ ያለ፣ ፓምፕ ከሥሩ አየር የሚያወጣለት ጠረጴዛ ነው። የሚቆረጠውን ሰሌዳ የሚይዘው በመሳብ ሳይሆን ከላይ ያለው አየር ስለሚጫነው ነው። ባሕር ዳር ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ፓምፑ የቱንም ያህል ቢበረታ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ከ0.83 ኪሎ ግራም ብዙም አያልፍም፤ ወደብ አካባቢ ከሚገኘው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ግፊት የሚለካው ጌጅ በመመሪያው የተጻፈው ቁጥር ላይ አልደርስ ሲል ሻጩን ከመውቀሳችሁ በፊት ይህን አስቡ።

እኔ ፓምፕ ከመቀየር ቀዳዳ መድፈንን አስቀድማለሁ። ጠረጴዛው ላይ፣ ከሚቆረጠው ሰሌዳ ሥር የሚነጠፈው ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ቃጫ የተሠራ ሰሌዳ) በጠርዙ በኩል ብዙ አየር ያስገባል፤ አራቱንም ጎን በኮላ ወይም በዘይት ቀለም ሁለት ጊዜ ቀቡት። ፊቱና ጀርባው በተቃራኒው ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በራውተሩ ግማሽ ግማሽ ሚሊ ሜትር ላጩለት፤ ያኔ አየር በመካከሉ ያልፋል። የመጨረሻው መላጨት ፓምፑ እየሠራ ይሁን።

ውሃ ልክ እዚህ ላይ እምብዛም አይረዳም። ጠረጴዛው መስማማት ያለበት ከምድር ጋር ሳይሆን ከማሽኑ ሐዲድ ጋር ነው። ከመላጨት በፊት ግን ስፒንድሉ (መቁረጫውን የሚያሽከረክረው ዘንግ) ላይ ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን የከፍታ ልዩነት የሚያሳይ ባለ ቀስት መለኪያ) አስራችሁ በእጅ አዙሩት፤ ካጋደለ ፊቱ የበሬ ትልም ይመስላል።

የሚቆረጠው ሰሌዳ ሳይሸፍነው ባዶ የቀረውን የጠረጴዛ ቦታ በፎርማይካ ቁርጥራጭ ሸፍኑ። ከመዳፍ ያነሰ ዕቃ በብሎን ይታሰር፤ በቫኪዩም አትመኑት። በክረምት ኤምዲኤፍ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣልና፣ መስከረም ሲጠባ እንደገና ስስ አድርጋችሁ ላጩት።