ምንጩ ለምን ገደል ተሻገረ? በጋራ የካርታ ዳታቤዝ ላይ የሚያጋጥሙን ችግሮችና መፍትሄያቸው

ደሴ ላይ ሆነን ለኮምቦልቻ፣ ለወልድያና ለዙሪያው ወረዳዎች የምናገለግልበት አንድ የጋራ ዳታቤዝ አለን። ፖስትግሬስ የሚባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር ነው፤ በላዩ ላይ የካርታ ዳታ እንዲይዝ የሚያስችለው ፖስትጂአይኤስ ተጭኖበታል። ገሚሱ ባለሙያ ኪውጂአይኤስ በሚባለው፣ ገሚሱ አርክጂአይኤስ በሚባለው የካርታ ሶፍትዌር ይገባበታል። የውሃው፣ የመንገዱ፣ የመሬት አስተዳደሩ፣ የተፋሰስ ልማቱ ፕሮጀክት ሁሉ ዳታውን እዚያ ያስቀምጣል። ስልኬ ሲጠራ ጥያቄው ብዙውን ጊዜ ከዚህ በታች ከጻፍኳቸው አንዱ ነው። ተመሳሳይ ሰርቨር ለምታስተዳድሩ፣ ወይም ከወረዳ ሆናችሁ ዳታ ለምትልኩ ይጠቅማል ብዬ አሰብኩ።

ነጥቦቹ በሙሉ ወደ አንድ ጎን ሸሽተዋል

ከተሁለደሬ አንዲት የውሃ ባለሙያ ደወለችልኝ። "ወንድሜ፣ ያስገባነው ምንጭ ገደሉን ተሻግሮ ማዶ ወድቋል። እኔ ራሴ ሾላው ሥር ቆሜ ነው የመዘገብኩት" አለችኝ። ከሳተላይት ምስሉ ጋር ደርቤ ከፈትኩት። ሾላው ከነጥላው ይታያል። ነጥቡ ግን ከሾላው ወደ ደቡብ ምዕራብ 230 ሜትር ያህል ርቆ የገብስ ማሳ ላይ ተቀምጧል። የቀሩትን የዚያ ቀን ነጥቦች አየኋቸው፤ ሁሉም በዚያው አቅጣጫ፣ በዚያው ርቀት ሸሽተዋል።

ነገሩን የሚፈታው ይኸው ነው። የጂፒኤስ ስህተት ቢሆን ነጥቦቹ ጥቂት ሜትር ወዲያና ወዲህ ይበተኑ ነበር። ተሰልፈው አንድ ወገን ከሄዱ መንስኤው ዳተም፣ ማለትም የካርታው ልኬት የተመሠረተበት የምድር ሞዴልና መነሻ፣ ነው። የድሮዎቹ 1:50,000 የመሬት ገጽ ካርታዎቻችን የተሠሩት በአዲንዳን ዳተም፣ በክላርክ 1880 ልኬት ነው። ባለሙያዋ የያዘችው ጂፒኤስ ከወረቀት ካርታው ጋር እንዲገጥም ተብሎ አዲንዳን ላይ ተስተካክሎ ነበር። ዳታቤዙ ውስጥ ያለው ሠንጠረዥ ደግሞ ጂፒኤስ በተለምዶ የሚጠቀምበትን ደብሊውጂኤስ 84 ዳተም ይላል። ሁለቱም ቦታን በሜትር በሚቆጥረው በዩቲኤም ሥርዓት ዞን 37 ሰሜን ናቸው፤ ቁጥሮቻቸውም ስለሚመሳሰሉ ዓይን አይለያቸውም። ደሴ ላይ ምሥራቃዊው ቁጥር ወደ 570 ሺህ፣ ሰሜናዊው ወደ 1 ሚሊዮን 230 ሺህ ነው፤ በየትኛውም ዳተም ብታነቡት ይኸው ነው። ልዩነቱ በእኛ አካባቢ በምሥራቅ 95 ሜትር ገደማ፣ በሰሜን ከ200 ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ነው።

መፍትሄው ሁለት እርምጃ አለው፣ ቅደም ተከተሉም አይገለበጥም። መጀመሪያ ለነጥቦቹ እውነተኛ ስማቸውን ስጧቸው፤ ኤስቲ ሴትኤስአርአይዲ በሚለው ትእዛዝ 20137፣ ማለትም አዲንዳን ዩቲኤም 37 ሰሜን፣ በሉ። ከዚያ ኤስቲ ትራንስፎርም በሚለው ወደ 32637፣ ማለትም ደብሊውጂኤስ 84 ዩቲኤም 37 ሰሜን፣ አሻግሯቸው። ሰዎች የሚሳሳቱት ሁለቱን ትእዛዞች እንደ አንድ ሲያዩ ነው። የመጀመሪያው መለያውን ብቻ ይቀይራል፣ ቁጥሩን አይነካም። ሁለተኛው ቁጥሩን ራሱን አስልቶ ይለውጣል። መለያውን ብቻ ለውጦ "ተስተካክሏል" ያለ ሰው ስህተቱን ማህተም መታበት ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሰው ምንም የሚጠረጥርበት ነገር አያገኝም።

ሶፍትዌሩ ማሻገሪያውን ሲጠይቃችሁ ለኢትዮጵያ የተሰጡትን ሦስት ቁጥሮች ምረጡ፤ እነሱም በሜትር -165፣ -11 እና 206 ናቸው። አንዳንዴ ፕሮግራሙ ሳይነግራችሁ ያለ ዳተም ማሻገሪያ ያልፋል። ስለዚህ ሥራው ሲያልቅ ነጥቡ በእርግጥ መንቀሳቀሱን ለኩ። እኔ ሁልጊዜ ሦስት ነገር አያለሁ፤ አንድ ድልድይ፣ አንድ የመንገድ መገንጠያ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ። እነዚህ ሦስት ቁጥሮች እያንዳንዳቸው እስከ 3 ሜትር ያህል ሊያሳስቱ ይችላሉ። ለምንጭና ለትምህርት ቤት ይበቃል። ለገበሬ የይዞታ ወሰን ግን አይበቃም፤ 3 ሜትር በሁለት ጎረቤታሞች መካከል ትልቅ ነገር ነው። እዚያ እንደገና መለካት ያስፈልጋል።

ነጥቡ ጭራሽ ከአገር ወጥቶ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። የደሴ ነጥብ ከሰርዲኒያ ደሴት በስተምሥራቅ ባሕር ውስጥ ከታየ ኬክሮሱ 11.13 እና ኬንትሮሱ 39.63 ቦታ ተለዋውጠዋል። በዩቲኤም የተለዋወጠ ከሆነ ደግሞ ሶማሊያ ውስጥ ይወድቃል። ኤስቲ ፍሊፕኮኦርዲኔትስ ይመልሰዋል። ይህ እንዳይደገም ሠንጠረዡ ላይ የመጠን ገደብ አድርጉ፤ እኛ ምሥራቃዊው ከ400 ሺህ እስከ 700 ሺህ፣ ሰሜናዊው ከ1 ሚሊዮን 100 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን 450 ሺህ ካልሆነ እንዳይቀበል አድርገናል። የዳተሙን ስህተት ግን ይህ ገደብ አይይዘውም። እሱን የሚይዘው ከእያንዳንዱ ዳታ ጋር "ጂፒኤሱ በምን ዳተም ነበር" የሚል ዓምድ አስገዳጅ ማድረግ ብቻ ነው።

ሐይቅ ከሪፖርቱ ጠፋች

ሁለት ሠንጠረዥ በቦታ ስም አገናኛችሁ፣ ሪፖርቱ ወጣ፣ የሐይቅ ከተማ ረድፍ ባዶ ሆነ። ዳታው ግን አለ፤ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

አንዱ ባለሙያ "ሐይቅ" ብሎ ጽፏል፣ ሌላው "ሀይቅ"፣ ሦስተኛው "ሃይቅ"። ለጆሮ አንድ ነው፣ ለዳታቤዙ ሦስት የተለያዩ ከተሞች ናቸው። አምባሰልና ዓምባሰል፣ ወልድያና ወልዲያ፣ ከስሙ ኋላ ሳይታይ የቀረ ባዶ ቦታ፣ ሁሉም ያው ናቸው። ዩኒኮድን ማስተካከያ የሚባለው አሠራር እዚህ አይረዳም፤ ሐ እና ሀ በእርግጥም ሁለት ፊደላት ናቸውና።

ሠንጠረዦችን በስም አታገናኙ። ለወረዳና ለቀበሌ አንድ ማጣቀሻ ሠንጠረዥ ይኑር፣ እያንዳንዱ ቦታ ኮድ ይኑረው፣ የፕሮጀክቱ ሠንጠረዥ ኮዱን ብቻ ይያዝ፤ መዝጋቢው ስሙን ከዝርዝር ይምረጥ እንጂ አይጻፍ። ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ዓምድ ጨምራችሁ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ መመለስ ትችላላችሁ፤ እነ ሓ፣ ኃ እና ዓን የመሰሉ ዘሮቻቸውንም አትርሱ። ዋናውን ስም ግን አትንኩት። ሰዎቹ አገራቸውን የሚጽፉበት ፊደል የእነሱ ነው፤ ለኮምፒውተር ምቾት ብለን የምናርመው አይደለም።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር ልጨምር። ዳታው ሼፕፋይል በሚባለው አሮጌ የካርታ ፋይል ዓይነት ተልኮ የዓምዶቹ ስም ተቆርጦ ከመጣ ምክንያቱ ሼፕፋይል ለዓምድ ስም 10 ባይት ብቻ ስለሚሰጥ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አመዘጋገብ 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ "የቀበሌ ስም" ያላችሁት "የቀበ" ሆኖ ይደርሳል። ጽሑፉ ራሱም 254 ባይት ላይ፣ ማለትም 84 ፊደል ላይ ይቆማል። ከወረዳ የሚላክ ዳታ ሁሉ ይህ ገደብ በሌለበት የፋይል ዓይነት፣ በጂኦፓኬጅ ይሁን። እኛ ይህን ከወሰንን ወዲህ የፊደል አቤቱታ ከሞላ ጎደል ቀርቷል።

አራት የመንገድ ሠንጠረዥ፣ አራቱም "የመጨረሻ"

ልቤ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዳታቤዙን ትከፍታላችሁ፤ "መንገድ"፣ "መንገድ አዲስ"፣ "መንገድ የመጨረሻ"፣ "መንገድ የመጨረሻ 2" ተደርድረዋል። ከደሴ ወደ ኩታበር የሚወስደው መንገድ በአራቱም ውስጥ አለ፣ በአራቱም ርዝመቱ የተለያየ ነው። የትኛው እንደተጠገነ፣ የትኛው ገና ሐሳብ እንደሆነ የሚያውቀው ሰው ሥራ ቀይሯል።

መንስኤው ዳታውን በፕሮጀክት መክፈላችን ነው። እያንዳንዱ ፕሮጀክት ሲመጣ የራሱን ስኪማ (በዳታቤዙ ውስጥ ሠንጠረዦች የሚቀመጡበት ክፍል) ይከፍታል፣ መንገዱንና ወንዙን ከቀድሞው ይቀዳል፣ ቅጂውን ያርማል። ፕሮጀክቱ በ3 ዓመት ያልቃል። መንገዱ ግን አያልቅም። ያ እርማት ቅጂው ውስጥ ታስሮ ይቀራል፤ የሚቀጥለው ፕሮጀክት ያልታረመውን አንስቶ እንደገና ይጀምራል። ለአንድ ድልድይ ሁለት ጊዜ የመስክ አበል ሲከፈል ያየሁት በዚህ ምክንያት ነው።

እኛ የዘረጋነው እንዲህ ነው። ዳታው በጉዳዩ ይከፈላል፤ መንገድ አንድ ሠንጠረዥ፣ የውሃ ተቋም አንድ ሠንጠረዥ፣ ተፋሰስ አንድ ሠንጠረዥ። ፕሮጀክቱ በሠንጠረዡ ውስጥ የኮድ ዓምድ ይሆናል። ሦስት ስኪማ አለን። "ሥራ" የሚባለው ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት የመለማመጃና የማረሚያ ቦታ ነው፣ እዚያ የፈለጉትን ያደርጋሉ። "የጸደቀ" የሚባለው ሁሉም የሚያነበው፣ ጥቂቶች ብቻ የሚጽፉበት ነው። "ማህደር" የተዘጋ ፕሮጀክት የሚያርፍበት ነው። ከሥራ ወደ የጸደቀ የሚሻገር ረድፍ ሁሉ የፕሮጀክት ኮድ፣ የተሰበሰበበት ቀን፣ ዳተምና የሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ሳይኖረው አያልፍም። አንድ ፕሮጀክት የራሱን ብቻ ማየት ከፈለገ በኮዱ የተጣራ ቪው፣ ማለትም ከዋናው ሠንጠረዥ የሚነበብ እይታ፣ ይሠራለታል፤ ቅጂ አይሰጠውም። ቪው በኪውጂአይኤስ ሲከፈት መለያ ቁልፍ ዓምዱን ጠቁሙት፣ አለበለዚያ አይከፈትም።

ተፋሰስን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ በወረዳ አትክፈሉት። የቦርከና ውሃ በኮምቦልቻ አልፎ ወደ አዋሽ ይወርዳል፣ የበሽሎ ውሃ ወደ አባይ ይሄዳል፣ ከደሴ ወዲያና ወዲህ ሁለት ዓለም ነው። የወረዳ ወሰን ይህን አያውቅም። ተፋሰሱ ሙሉ ሆኖ ይቀመጥ፣ ወረዳው ሲፈለግ በመደራረብ ይውጣ።

በአርክጂአይኤስ በኩል የምትሠሩ ደግሞ የተዛመዱ ሠንጠረዦች ማሰባሰቢያ የሆነውን ፊቸር ዳታሴትን እንደ ፎልደር አትጠቀሙበት። አብረው መደርደራቸው ያምራል፣ ነገር ግን የመግቢያ ፈቃድም ሆነ የቨርዥን ምዝገባ ለመላው ዳታሴት በአንድነት ነው የሚሠራው። አንዱን ለሌላ መሥሪያ ቤት ልክፈት ስትሉ አብረው ያሉት ሁሉ ይከፈታሉ። ቶፖሎጂ ወይም ኔትወርክ የሚያስተሳስራቸውን ብቻ አብራችሁ አስቀምጡ።

"ሠንጠረዡ ይታየኛል፣ ግን አይከፈትም"

ብዙ ጊዜ ለሠንጠረዡ ፈቃድ ተሰጥቶ ስኪማው ተረስቷል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ትናንት የሚሠራ ነገር ዛሬ በተጨመረ አዲስ ሠንጠረዥ ላይ ብቻ እምቢ ካለ፣ "ለሁሉም ሠንጠረዥ" ብላችሁ የሰጣችሁት ፈቃድ ያን ቀን ለነበሩት ብቻ ስለሆነ ነው፤ ለወደፊቶቹ የዲፎልት ፈቃድ ትእዛዙን ለብቻው ስጡ፤ ትእዛዙ የሚሠራው ሠንጠረዡን ለሚፈጥረው ሚና (በዳታቤዙ ውስጥ ፈቃድ ለተሰጠው ስም) እንደሆነም ልብ በሉ። ይከፈታል ግን የማረሚያው እርሳስ አይነቃም ከተባለ ደግሞ ሠንጠረዡ ዋና ቁልፍ፣ ማለትም እያንዳንዱን ረድፍ የሚለይ ዓምድ፣ የለው እንደሆነ እዩ።

የከፋው ባለቤቱ የሄደ ሠንጠረዥ ነው። አንድ ባልደረባችን ሥራ ሲለቅ በስሙ 40 የሚጠጉ ሠንጠረዦች ነበሩ። ዩዘሩን ለማጥፋት ስንሞክር ዳታቤዙ አልፈቀደም፣ ደግ አደረገ። ሪአሳይን ኦውንድ በሚለው ትእዛዝ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሚና አዛወርናቸው፤ ትእዛዙ በየዳታቤዙ ለየብቻ እንደሚሰጥ አስታውሱ። በአርክጂአይኤስ ጂኦዳታቤዝ ውስጥ የተመዘገቡትን ግን እንዲህ አታዛውሯቸው፤ በአዲሱ ባለቤት ገብታችሁ መቅዳት ይሻላል። ከዚያ ወዲህ ማንም በግል ስሙ ሠንጠረዥ አይፈጥርም። ሰው የሚገባበት ዩዘር ሌላ፣ ዳታ የሚይዘው ሚና ሌላ ነው።

ካርታው ሻይ ፈልቶ እስኪጠጣ አይከፈትም

ከወረዳ በቀጭን መስመር ለሚገቡት ይህ የዕለት ሕይወት ነው። መጀመሪያ ሠንጠረዡ ጂስት የሚባለው የቦታ ኢንዴክስ (የፍለጋ ማውጫ) እንዳለው ተመልከቱ፤ ከሌለው አንድ ቀበሌ ለማየት መላው ወሎ ይነበባል። ብዙ ዳታ ከጫናችሁ በኋላ የሠንጠረዡን ስታቲስቲክስ የሚያድሰውን አናላይዝ የተባለ ትእዛዝ አስኪዱ። ኢንዴክስ እያለም ከዘገየ፣ መጠይቁ ውስጥ ዓምዱን በትራንስፎርም ሸፍናችሁት ይሆናል፤ ያኔ ኢንዴክሱ አይነካም፣ በአንድ ዳተም የተቀመጠ ዳታ ጥቅሙ እዚህም ይታያል። እንደ ክልል ወሰን ያለ ግዙፍ ፖሊጎን ካለ በኤስቲ ሰብዲቫይድ ቆራርጡት። መስክ ለሚወጣ ሰው ደግሞ የሚሠራበትን ቀበሌ በጂኦፓኬጅ ቆርጣችሁ ስጡት፣ ማታ ሲመለስ ወደ ሥራ ስኪማው ይመልሰው።

ቀኑ 8 ዓመት ወደ ኋላ ሄደ

የመስክ ቅጹ ላይ 12/5/2016 ተጽፏል፤ ጥር 12 ማለት ነው። ዳታቤዙ ግን ሜይ 12 ቀን 2016 ብሎ በጸጥታ ተቀብሎታል። ትክክለኛው ጃንዋሪ 21 ቀን 2024 ነበር። እንቢ የሚለው ጥቅምት 30ን ወይም ጳጉሜን ሲያገኝ ብቻ ነው፤ ፌብሩዋሪ 30 እና 13ኛ ወር አያውቅምና። እነዚህን ስህተቶች ካያችሁ ሌሎቹ ረድፎችም ተበላሽተዋል ማለት ስለሆነ ሙሉውን ፋይል መልሱት። በቅጹ የተጻፈው እንዳለ በጽሑፍ ዓምድ ይቀመጥ፣ የተቀየረው በቀን ዓምድ።

"አስቀምጥ" ብል ይሽከረከራል

የሆነ ሰው ትራንዛክሽን፣ ማለትም ገና ያልጸና እርማት፣ ከፍቶ ምሳ ወጥቷል፣ ወይም መብራት ጠፍቶበት ግንኙነቱ ሳይዘጋ ቀርቷል። የተከፈቱ ግንኙነቶችን የሚያሳየውን ፒጂ ስታት አክቲቪቲን ክፈቱና በትራንዛክሽን ውስጥ ሥራ ፈቶ የተቀመጠውን፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሆነም እዩ። ባለቤቱን ደውላችሁ ጠይቁት፤ ያላስቀመጠው እርማት ሊኖር ይችላል። ካልተገኘ ግንኙነቱን በፒጂ ተርሚኔት ባክኤንድ አቋርጡት። ለዚህ የጊዜ ገደብ የሚሰጥ ቅንብር አለ፤ ሲጫን ጠፍቶ ነው የሚመጣው። እኛ 30 ደቂቃ አድርገነዋል፣ ለአርታዒዎቹም ሁሉ አስቀድመን ነግረናቸዋል።