በመጫወቻ የእንፋሎት ሞተር መብራት ልታበሩ ከሆነ እነዚህን አትሳሳቱ

አጎቴ ከጀርመን ሲመጣ ጠቅልሎ የሰጠኝን ነገር ሹራብ መስሎኝ ነበር። ስፈታው ቪሌስኮ የተባለች ትንሽ የእንፋሎት ሞተር ሆና ተገኘች፣ ሉደንሻይድ የሚባል ከተማ የምትሠራዋ። የነሐስ ቦይለር (ውሃው የሚፈላበት)፣ አንዲት ሲሊንደር፣ ቀይ መዘውር፣ በቃ። ወዲያው የመጣልኝ ሐሳብ «መብራት ሲሄድ በዚች እናበራለን» የሚል ነው። አንዲት ቀይ ኤልኢዲ (ትንሿን የኤሌክትሮኒክስ መብራት) ለማብራት ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የራሴ ናቸው።

መጀመሪያ የምንሳሳተው የምንጠብቀው ላይ ነው። 30 ሚሊ ሊትር አልኮል ሲቃጠል ወደ 600 ሺህ ጁል ሙቀት ይሰጣል። በ15 ደቂቃ ካለቀ ከ600 ዋት በላይ ማለት ነው፣ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ በሉት። ከዚህ ሁሉ በሽቦው ጫፍ የምታገኙት አንድ ዋት ቢሆን ነው፤ ብዙ ጊዜ ከዛም በታች። የቀረው በቦይለሩ ጎን ያመልጣል፣ ሲሊንደሩን ያሞቃል፣ ከእንፋሎቱ ጋር ወጥቶ ይሄዳል። ሞተሯ ተበላሽታ አይደለም። በዚህ መጠን ሲሠሩ ሁሉም እንደዚህ ናቸው። ጨዋታው ያቺን አንድ ዋት መንገድ ላይ አለመጣል ነው።

እኔ መንገድ ላይ የጣልኳት ዲናሞው ጋ ነው፣ የእንፋሎቷን ሞተር ዙር ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ጋ። ከልጄ የተሰበረች መጫወቻ መኪና ሞተሩን ነቅዬ አሰርኩት። ሁሉም ነገር እንደ ጉድ ይዞራል፣ ቴስተሩ (ቮልት መለኪያው) ግን ግማሽ ቮልት ላይ ተኝቷል። ዲሲ ሞተርን (በባትሪ የሚዞረውን ዓይነት) ከውጭ ካዞራችሁት ጄኔሬተር ይሆናል፣ ይሄ ትክክል ነው። የሚሰጠው ቮልት ግን በፍጥነቱ ልክ ነው። የመጫወቻ መኪና ሞተር በ3 ቮልት በደቂቃ 10 ሺህ ዙርና ከዛ በላይ የሚዞር ነው። የእንፋሎቷ ሞተር ጭነት ይዛ በደቂቃ 600 ዙር ብትዞርና በፑሊ (ቺንጋ በሚጠመጠምበት መዘውር) ሦስት እጥፍ ብታደርጉት 1800 ነው። ከዛ ላይ ግማሽ ቮልት ብታገኙ ለምን ይገርማል? ቀይ ኤልኢዲ እንኳ ወደ 2 ቮልት ይፈልጋል፣ ነጩ ደግሞ ወደ 3።

መፍትሔውን ያገኘሁት መርካቶ፣ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ምናለሽ ተራ ነው። ከሞተ ፕሪንተር የወጣ ዲሲ ሞተር ፈልጉ። 24 ቮልት የሚልና በደቂቃ ወደ 5000 ዙር የሚዞር ከሆነ፣ እነዚያው 1800 ዙሮች ምንም ሳይታሰርበት ከ8 ቮልት በላይ ይሰጧችኋል። ቴስተራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ጫፎቹን ሽቦዎቹ ላይ አስያዙና ዘንጉን በሁለት ጣት እንደ እንዝርት አሹሩት። አንድ ሁለት ቮልት ብልጭ ካለ ግዙት። ሻጩ ግራ ገብቶት ያያችኋል፣ ይይ። የድሮ ቴፕ ሞተር ግን አታምጡ። ብዙዎቹ ሆዳቸው ውስጥ ፍጥነት የምትቆጣጠር ትንሽ ሰርኪዩት ስላለች፣ እሷን ከፍታችሁ ካላወጣችሁ የረባ ነገር አይሰጧችሁም።

ከዛ ደግሞ ሰው ቮልት ሲያንሰው የሚሠራት ስህተት አለች፤ ዲናሞው ላይ በጣም ትንሽ ፑሊ መግጠም። እኔም አሥር እጥፍ አድርጌ ሞከርኩ። ሞተሯ ሁለት ጊዜ ቃተተችና ቆመች። ፍጥነቱን አሥር እጥፍ ስታሳድጉ ሸክሙም አሥር እጥፍ ሆኖ ነው መዘውሩ ላይ የሚመጣው፣ በሳይክል ከባዱን ማርሽ አስገብቶ ዳገት እንደመውጣት ነው። ከሦስት እጥፍ ጀምሩና እያያችሁ ጨምሩ። ቺንጋውንም አታክርሩት። ብር የሚታሰርበትን ላስቲክ ወጥሬ አስሬ ነበር፤ የሞተሯ ጉልበት ግማሹ ላስቲኩን በመጎተት አለቀ። እንዳይንሸራተት ያህል ከያዘ ይበቃል።

አምፖልም አትሞክሩ። የድሮ የእጅ ባትሪ አምፖል ክሩ ሲቀዘቅዝ ብዙ ከረንት ይስባል፣ ሞተሯ ገና ሳትጀምር ታንቃለች። ልጄ ይህን ያስረዳሁት ጊዜ አልገባውም ነበር። ሞተሯ እየዞረች ሁለቱን የዲናሞ ሽቦዎች እርስ በርስ እንዲያነካካ አደረግኩት። ድምፅዋ ወዲያው ወረደ፣ ሹፍ... ሹፍ... ሹፍ እያለች ልትቆም ደረሰች። ሲለያያቸው ተመልሳ በረረች። ከዛ በኋላ የቤቱ ሥራ እሱ ሆነ፣ ያነካካል ይለያያል። ኤልኢዲ ስታስሩ ወደ 330 ኦም የሚሆን ሬዚስተር (ከረንት የሚገድብ ትንሽ ዕቃ) አብራችሁ እሰሩ፣ አለዚያ ሞተሯ ስትፈጥን ታቃጥሉታላችሁ። ካልበራ ሽቦውን ገልብጡት።

ስለ ውሃ ብዙ አልልም። የቧንቧ ውሃ ማፍያችሁ ውስጥ የሚተወውን ነጭ ነገር ቦይለሩ ውስጥም ይተዋል፣ እሱን ደግሞ ገብታችሁ አትፍቁትም። የተጣራ ውሃ ተጠቀሙ። የመኪና መለዋወጫ ሱቅ የባትሪ ውሃ ይሸጣል፣ ግን አሲዱን እንዳይሰጧችሁ ጠርሙሱ ላይ ያለውን አንብቡ። በነገራችን ላይ «አዲስ አበባ ውሃ በ92 ዲግሪ ስለሚፈላ እዚህ ትደክማለች» ያለኝ ሰው ነበር። ክዳኑ ተዘግቶ ግፊት ሲጠራቀም ውሃው ከ100 በላይ ሄዶ ነው የሚፈላው፣ ከፍታው አያሳስባችሁ።

እሳት ስትለኩሱ ወዲያው ካልዞረች አትደንግጡ፣ በጉልበትም አትግፏት። የመጀመሪያው እንፋሎት ቀዝቃዛ ሲሊንደር ሲነካ ውሃ ይሆናል፤ ፒስቶን ደግሞ ውሃ መጭመቅ አይችልም። መዘውሩን በእጃችሁ ቀስ እያላችሁ ወዲህ ወዲያ አዙሩት። ውሃው እየተፋ ይወጣል፣ ከዛ ራሷ ትይዛለች። ለሲሊንደሩ የሞተር ዘይት ሳይሆን ለእንፋሎት የተሠራውን ወፍራም ዘይት አድርጉ።

የጀርመኖቹ ሞዴሎች ብዙዎቹ የሚነዱት በደረቅ የነዳጅ እንክብል ነው። አጎቴ ያላመጣልኝ አውሮፕላን ላይ ስለማይፈቀድ ነው። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ ከኮሮና ጊዜ የተረፈ የእጅ ማጽጃ አልኮል አደረግኩ። 70 በመቶ ነው፣ የቀረው ውሃ። ቦይለሩ ለብ ብሎ ቀረ። ከ95 በመቶ በላይ የሆነ አልኮልና ለአልኮል የተሠራ ማንደጃ ያስፈልጋችኋል። ከሰል እንዳታስቡ፣ አጥፋ ስትሉት አይጠፋም።

አሁን ቀልድ የሌለበት ነገር። ቦይለሩን ራሳችሁ ለመሥራት አትሞክሩ። የለስላሳ ጣሳ፣ የወተት ቆርቆሮ፣ በስታኞ (ቀልጦ በሚያያይዝ ብረት) የተያያዘ ቧንቧ፣ አንዱም አይሆንም። ውሃ እንፋሎት ሲሆን ከ1600 ጊዜ በላይ ይሰፋል፣ መውጫ ካጣ ቀዶ ይወጣል። የተለመደው ስታኞ ወደ 183 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ ውሃው ካለቀ ቦይለሩ እዛ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። ሴፍቲ ቫልቩ (ግፊት ሲበዛ እንፋሎት የሚያስወጣው) ሲተነፍስ «ኃይል እያባከነ ነው» ብሎ ስፕሪንጉን ያጠበቀ ጓደኛ አለኝ። ፕሬዠር ኩከር ሲያፏጭስ በጨርቅ ይደፍነዋል? ቦይለሩን እስከ አፉ አትሙሉ፣ አልኮሉን ከውሃው ቀድሞ እንዲያልቅ ለክታችሁ አድርጉ፣ በጋለ ባዶ ቦይለር ላይም ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስሱ። የአልኮል እሳት ደግሞ በቀን ብርሃን ብዙም አይታይም። ጠፍቷል ብዬ ስጨምር የቅንድቤን ጫፍ ይዞት ሄዷል።

ሁሉም ሰው ዞሮ ዞሮ የሚጠይቀኝ «ስልክ ቻርጅ ታደርጋለች?» ነው። 5000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ባትሪ ያለው ስልክ ወደ 19 ዋት ሰዓት ይይዛል። በአንድ ዋት፣ ምንም ሳይባክን፣ 19 ሰዓት ነው። አንድ ሙሊት አልኮል 15 ደቂቃ ይነዳል። ስለዚህ 76 ጊዜ አልኮል ሞልታችሁ፣ 76 ጊዜ ውሃ ጨምራችሁ፣ በየመሀሉ ቦይለሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቃችሁ፣ ከ2 ሊትር በላይ አልኮል አቃጥላችሁ አንድ ስልክ ትሞላላችሁ። ታናሽ ወንድሜ ይህን ሁሉ ካሰላሁለት በኋላ ትንሽ አሰበና «ግማሽ ብቻ ቢሆንስ?» አለኝ።