የመላጊያ ማስቀመጫ ችግርና መፍትሄ፣ በድሬና በሐረር ለምትሠሩ

መላጊያውን ሰጋቱራ ውስጥ ቀብሮ ወይ ከመዶሻና ከመሮ ጋር አንድ ካርቶን ውስጥ ከቶ "ይሄ ነገር አልቆርጥ አለኝ" የሚል ሰው አይጠፋም። አቦ ስለቱ ምን ያርግ፣ የጨረሰው ማደሪያው ነው። ችግሩን ከምልክቱ ተነስተን እንየው።

ረጅሙ አልገባ አለ፣ ወይ ጫፉ ወጥቶ መንገድ ይዘጋል

መደርደሪያው የተሠራው በ4 ቁጥር መላጊያ ልክ ስለሆነ ነው፣ ሁሌ እጅ ላይ ያለው እሱ ነዋ። መላጊያ በሚያመርተው በስታንሊ ኩባንያ አቆጣጠር 4 ቁጥር ርዝመቱ ወደ 25 ሳንቲ ነው፣ 5 ቁጥር 35፣ 6 ቁጥር 45፣ 7 ቁጥር ደሞ 56 ይደርሳል፣ በአንድ እጅ የምትያዘዋ ትንሿ ግን ከ15 እስከ 18 ብትሆን ነው። ስለዚ ጣውላ ከመቁረጣችሁ በፊት ያላችሁን በሙሉ አንድ ኮምፔንሳቶ ላይ ደርድሩና ዙሪያቸውን በእርሳስ አስምሩ፣ ከረጅሙ ጀምሩ፣ በጎን ለጣት የሚሆን 2 ሳንቲ በርዝመት ደሞ 3 ሳንቲ ልቀቁ። ቁመቱን ስትለኩ እስከ እጀታው ጫፍ ይሁን፣ ብዙ ሰው እሱን ይረሳና በኋላ ከላይ ያለው ጣውላ እጅ አላስገባ ይላል። መከፋፈያውን በኮላ አትለጥፉት፣ ቦይ አውጡለትና ተንሸራቶ ይግባ፣ ነገ ሌላ መላጊያ ስትገዙ ቦታውን ማስፋት ትችላላችሁ።

ሳይሠራበት ይደንዛል

ስለቱ ላይ ተኝቶ ነው የሚያድረው፣ ስሩ አሸዋ ወይ የምስማር ጭንቅላት ካለማ አለቀለት። እኔ የምመርጠው ወደ ኋላ ጋደል ያለ መደርደሪያ ነው፣ መላጊያው ጭራው (የኋላ ጫፉ) ወደ ታች አፍንጫው (የፊት ጫፉ) ወደ ላይ ሆኖ ይደገፍበታል፣ እንዳይንሸራተት ታች አንድ ማቆሚያ ዘንግ፣ ከዛ አፍንጫው የሚያርፍበት ቦታ ላይ 5 ሚሊ ውፍረት ያላት ቀጭን እንጨት በአግድም ትመታላችሁ። ያቺ እንጨት አፍንጫውን ስታነሳው ስለቱ ምንም ሳይነካ አየር ላይ ይቀራል። ስለቱን ወደ ውስጥ መልሶ ማስቀመጥም ያስኬዳል ግን ጠዋት ጠዋት እንደገና ማስተካከል ማን ይወዳል?

ሆዱ (እንጨቱን የሚነካው ስሩ) ላይ ቡኒ ነጠብጣብ

ድሬ ደረቅና ሞቃት ናት ብሎ ዝገት የለም የሚል አለ፣ ተሳስቷል፣ በሙቀቱ እጅ ያልበዋል፣ ላብ ደሞ ጨው ነው። እሱ ላይ አፉ፣ ማለት ስለቱ የሚወጣበት ቀዳዳ፣ ውስጥ የተረሳ ፍቅፋቂ ሲጨመር፣ በተለይ እርጥብ ባህር ዛፍ ስትልጉ ውላችሁ ከሆነ፣ እርጥበቱን ይዞ ያድራል። ፍቅፋቂውን አራግፉ፣ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ ከዛ የልብስ ስፌት ማሽን ዘይት ስስ አርጎ መቀባት በቃ። የዛገውን በዘይት በራሰ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አሹት። ከስሩ ስፖንጅ አታንጥፉ፣ ውሃ ይይዛል። ለአቧራው በር መሥራት አያስፈልግም፣ አቡጀዲ መጋረጃ አንጠልጥሉበት፣ ርካሽ ነው አየርም ያስገባል።

የእንጨት መላጊያ ካላችሁ፣ ሽብልቁ (ስለቱን አጥብቆ የሚይዘው) ላላ ወይ ሆዱ ጠመመ

ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ላይ ናት ድሬ ደሞ ወደ 1,200፣ ሐረር የለመደ እንጨት ድሬ ሲወርድ ይደርቅና ይኮማተራል። ቆርቆሮው ስርና የበር ፀሐይ የሚመታው ቦታ አታስቀምጡት። ለረጅም ጊዜ የማትነኩት ከሆነ ሽብልቁን ትንሽ አላሉት።

መደርደሪያው ከግድግዳ ተላቀቀ

7 ቁጥር ብቻውን ከ3 ኪሎ ተኩል በላይ ነው፣ ከትንሿ እስከ 7 ቁጥር አምስቱን ስትሰቅሉ ከ10 ኪሎ ያልፋል። በተለይ ጀጎል ውስጥ ባለ በድንጋይና በጭቃ በተሠራ አሮጌ ግድግዳ ላይ ቪቴ አይጨብጥም፣ ትልቅ ቪቴ መጨመርም ጭቃውን ማርገፍ ነው። እግር አውጡለትና ክብደቱን መሬት ይሸከመው፣ ግድግዳው ላይ ወደፊት እንዳይወድቅ ብቻ ከላይ አንድ ቦታ እሰሩት። ድሬ ደቻቱ ወንዝ አጠገብ የምትሠሩ የ1998ቱን ጎርፍ ታስታውሳላችሁ፣ ረጃጅሞቹ ከባድ ስለሆኑ ታች ይሁኑ ግን የታችኛው ጣውላ ቢያንስ ከጉልበት ከፍ ይበል።