ተርሚናል ላይ በኮከብ (*) ፋይል ስትጠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮማንዱ ያላሰባችሁትን ፋይል ሲነካ፣ ወይም ዓይናችሁ እያየ ያለውን ፋይል «የለም» ሲላችሁ፣ በኮማንዱ ለመፍረድ አትቸኩሉ። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው ኮማንዱ ገና ሥራ ሳይጀምር ነው።

ኮከቡን የሚፈታው ኮማንዱ ነው ብሎ ማሰብ

የሌሎቹ ስህተቶች ሁሉ እናት ይህች ናት። «አርኤም *.ሎግ» (rm፣ በ.ሎግ የሚያልቁትን ፋይሎች ሰርዝ) ብላችሁ ስትጽፉ ኮከቡን ወደ ፋይል ስሞች የሚቀይረው ሼሉ፣ ማለትም የምትጽፉትን ተቀብሎ ኮማንዶቹን የሚያስነሳው ፕሮግራም ነው። አርኤም የሚደርሰው የተዘረዘረው ስም ብቻ ነው፤ ኮከብ እንደነበረ እንኳ አያውቅም። በ1971ዱ የመጀመሪያ ዩኒክስ ይህን ሥራ የሚሠራው ግሎብ የሚባል ራሱን የቻለ ፕሮግራም ነበር። ዘዴው እስከ ዛሬ በዚያ ስም ይጠራል።

ስለዚህ ስትጠራጠሩ ከኮማንዱ በፊት ኢኮ (echo፣ የተሰጠውን መልሶ የሚያሳይ ኮማንድ) ጨምሩና ምን እንደሚደርሰው እዩ። በስማቸው መሀል ስፔስ ያለባቸው ፋይሎች ካሉ ግን ኢኮ ያምታታል፤ አንድ ስም ይሁን ሁለት አይለይም። ያኔ በፕሪንትኤፍ (printf) እያንዳንዱን ስም በየራሱ መስመር አውጡት።

ፋይንድ ላይ ትእምርተ ጥቅስ መተው

ይህኛው ክፉ ነው፣ ምክንያቱም አንዳንዴ ይሠራል። ፋይንድን (find፣ ፋይል በስሙ የሚፈልገውን ኮማንድ) ያለ ትእምርተ ጥቅስ *.ሎግ ፈልግ አላችሁት እንበል። ባሽ (bash) በሚባለው ሼል ላይ ከሆናችሁና ያላችሁበት ፎልደር ውስጥ አንድም የሎግ ፋይል ከሌለ፣ ኮከቡ እንዳለ ያልፍና ሁሉም ነገር በትክክል ይገኛል። ሁለትና ከዚያ በላይ ካሉ ፋይንድ ስህተት ብሎ ይጮኻል፤ እሱም ደህና ነው፣ ቢያንስ ታውቃላችሁ። የሚያስፈራው አንድ ብቻ ሲኖር ነው። ሰኞ.ሎግ የሚባል ፋይል ካለ ሼሉ ኮከቡን በእሱ ይተካዋል። ፋይንድም «ሰኞ.ሎግ» የሚለውን ስም ብቻ ሲፈልግ ይውላል። በንዑስ ፎልደሮች ውስጥ ያለው ማክሰኞ.ሎግ ይቀራል፤ የስህተት መልእክት ግን የለም። መፍትሔው '*.ሎግ' ብሎ በነጠላ ጥቅስ ማጠር ነው።

ምንም ካልተገኘ ምንም አይሆንም ብሎ መገመት

ባሽ የሚመጥን ፋይል ሲያጣ ፓተርኑን፣ ማለትም ኮከብ ያለበትን ጽሑፍ፣ እንደተጻፈ ይተወዋል። በሉፕ (በእያንዳንዱ ፋይል ላይ ሥራ በሚደግም ኮድ) ውስጥ ከሆነ ሉፑ አንድ ጊዜ ይዞራል፣ የፋይሉም ስም በጥሬው «*.ሎግ» ይሆናል። ከ2019 ጀምሮ የማክ መደበኛ ሼል የሆነው ዚሽ ግን እዚያው ያቆምና ያልተገኘ መሆኑን ይነግራችኋል። ይህ የተሻለ ጠባይ ነው። ባሽም ፌይልግሎብ (failglob) የሚባለውን ቅንብር ስታበሩለት እንዲሁ ያደርጋል፤ ፋይል የሚሰርዝ ስክሪፕት ላይ ሁሌም አብሩት። ነልግሎብ (nullglob፣ ፋይል ሲታጣ ፓተርኑን ጨርሶ የሚያጠፋው ቅንብር) ለሉፕ ጥሩ ነው፣ ግን ተጠንቀቁ፦ እሱ በርቶ «ኤልኤስ *.ሎግ» ስትሉ አንድም ካልተገኘ ኤልኤስ ባዶ እጁን ይቀርና ፎልደሩን በሙሉ ይዘረዝርላችኋል።

ትናንሽ የሚመስሉ

ኮከብ በነጥብ የሚጀምሩ ስውር ፋይሎችን አይጨምርም። ንዑስ ፎልደሮችን ጭምር የሚያዳርሰው ድርብ ኮከብ (**) ባሽ ላይ ግሎብስታር (globstar) የሚባለው ቅንብር ካልበራ እንደ ነጠላው ነው፣ ያውም ዝም ብሎ። በሰረዝ የሚጀምር የፋይል ስም ደግሞ ለኮማንዱ እንደ ኦፕሽን (የአሠራር አማራጭ) ይቆጠራል፤ ./* ብሎ መጻፍ ከዚህ ያድናል።

የፋይል ስም በአማርኛ ሲሆን

ስለዚህ የሚያወራ ሰው ጥቂት ስለሆነ ልዘግይበት። በዩቲኤፍ-8 አንድ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። የጥያቄ ምልክት (?) አንድ ፊደል ይተካል፤ ሎኬሉ (ቋንቋንና የፊደል አነባበብን የሚወስነው ቅንብር) «ሲ» (C) ከሆነ ግን አንድ ባይት ብቻ። ስለዚህ «ክፍል-?» በእናንተ ኮምፒውተር ክፍል-ሀን ያገኛል፣ በክሮን (ኮማንድን በሰዓቱ የሚያስነሳ ፕሮግራም) ወይም በኮንቴይነር ውስጥ ሎኬሉ «ሲ» ሆኖ ሲሠራ ግን ያጣዋል። እንዲህ ሲያጋጥም መጀመሪያ የሚታየው ሎኬሉ ነው።

ሌላው ሞክሼ ፊደላት ናቸው። አንዱ ፋይሉን ፀሐይ ይለዋል፣ ሌላው ጸሀይ። ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለሼሉ ግን የማይገናኙ። «ፀሐይ*» ብላችሁ ግማሹ ፋይል ከጠፋ ዲስኩን አትጠርጥሩ። «[ፀጸ][ሐሀኀሓሃኃ]ይ*» ብላችሁ ሞክሩ፣ ሁሉንም አጻጻፍ በአንዴ ይሰበስባል። ቅንፉም እንደ ጥያቄ ምልክቱ ትክክለኛ ሎኬል ይፈልጋል።