ለአጭር ሰው የሚስማማ ቀላል የብስክሌት ፍሬም አመራረጥ

የባሕር ዳር መንገድ ሜዳ በመሆኑ በከተማዋ ብስክሌት የተማሪውም፣ የነጋዴውም፣ የመንግሥት ሠራተኛውም መጓጓዣ ነው። ይሁን እንጂ ለሽያጭ የሚቀርቡት ብስክሌቶች በአብዛኛው ለመካከለኛና ለረጅም ቁመት የተሠሩ ስለሆኑ፣ ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ60 በታች የሆነ ገዢ የሚስማማውን ለማግኘት ከሌላው ይልቅ መድከም አለበት። የእኔ ቁመት 1 ሜትር ከ54 ነው። የመጀመሪያ ብስክሌቴን ስገዛ ሻጩ መቀመጫውን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጎ «ትለምጅዋለሽ» አለኝ፤ እግሬ መሬት ስለነካ እኔም አመንኩት። አልለመድኩትም፤ ሁለት ወር ሳይሞላ መዳፌ እየደነዘዘ፣ ትከሻዬም እየጠዘጠዘኝ ተውኩት። መቀመጫ ዝቅ ሊል ይችላል፣ ፍሬም ግን አያጥርም።

ወደ ገበያ ከመውጣትዎ በፊት የእግርዎን የውስጥ ርዝመት ይለኩ። ጫማ አውልቀው ጀርባዎን ግድግዳ አስደግፈው ይቁሙና ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በእግሮችዎ መካከል እስከ ላይ ድረስ አጥብቀው ይያዙ፤ ከዚያም ሌላ ሰው ከመጽሐፉ ጫፍ እስከ ወለሉ ያለውን በሜትር ይለካልዎ። የተገኘው ቁጥር በ0.883 ሲባዛ፣ የፔዳል ክንዶቹ ከሚዞሩበት ማዕከል እስከ መቀመጫው አናት ሊኖር የሚገባውን ርቀት በግምት ይሰጣል። የውስጥ እግሩ 70 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ሰው ይህ 62 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ብስክሌቱ ላይ ቆመው የላይኛውን ቱቦ በእግሮችዎ መካከል ሲያደርጉትም፣ ለአስፋልት ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር፣ ለኮረትና ለገጠር መንገድ ደግሞ 5 እና ከዚያ በላይ ክፍተት መቅረት አለበት።

ብዙ ሰው ምርመራውን እዚህ ላይ ያቆማል፤ የሚሳሳተውም እዚሁ ነው። የላይኛው ቱቦው ወደ ታች ያዘነበለ፣ በተለምዶ «የሴት» የሚባለው ብስክሌት ለመሻገር የቀለለ ስለሆነ ለአጭር ሰው ሁሉ የሚሆን ይመስላል። ነገር ግን ቱቦው ዝቅ ማለቱ ብስክሌቱን አያሳጥረውም፤ ዝቅ ያለና በጣም ረጅም የሆነ ፍሬም ሞልቷል። በፍሬሙ ላይ የተለጠፈው የመጠን ቁጥርም ብዙ አይረዳም፤ አንዱ አምራች የመቀመጫውን ቱቦ እስከ ጫፉ ሲለካ ሌላው እስከ ላይኛው ቱቦ መገናኛ ድረስ ብቻ ይለካልና። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ከመቀመጫው እስከ መሪው ያለው ርቀት ስንት ነው የሚለው ነው።

በዚህም ላይ አንድ የተደበቀ ማታለያ አለ። አምራቾች ትናንሽ ፍሬሞችን ሲሠሩ የመቀመጫውን ቱቦ ይበልጥ ቀጥ ያደርጉታል፤ በመሆኑም የላይኛው ቱቦ በወረቀት ላይ ያጠረ ሆኖ ይነበባል። ሆኖም ነጂው ጉልበቱን ከፔዳሉ ጋር ለማስተካከል መቀመጫውን ወደ ኋላ ሲገፋው ያጠረው ርዝመት ተመልሶ ይመጣል። በአጭር ሰው የመቀመጫ ከፍታ አንድ ዲግሪ ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ልዩነት ስለሚያመጣ፣ የመቀመጫ ቱቦው በ75 ዲግሪ የቆመና የላይኛው ቱቦው 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፍሬም፣ የመቀመጫ ቱቦው በ73 ዲግሪ ከቆመና የላይኛው ቱቦው 52 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ፍሬም ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። በዚህ ላለመታለል ሱቁ ውስጥ የሚከተለውን ያድርጉ፦ ብስክሌቱን ቀጥ አድርገው የኋላ ጎማውን ከግድግዳ ጋር ያስነኩ፤ ከግድግዳው እስከ ፔዳል ማዕከሉ፣ ቀጥሎም ከግድግዳው እስከ መሪው ማስገቢያ ቱቦ አናት መሃል ድረስ በአግድም ይለኩና ትንሹን ቁጥር ከትልቁ ይቀንሱ። መሪው የታጠፈ የእሽቅድምድም ዓይነት ብስክሌት ከሆነና ቁመትዎ ከ1 ሜትር ከ60 በታች ከሆነ፣ ልዩነቱ ከ37 ሳንቲ ሜትር ሲያልፍ ሌላ ብስክሌት ቢመለከቱ ይሻላል። መሪውን የሚይዘውን አንገት በአጭር መቀየር 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ያድናል፤ ከዚያ በላይ ግን የፍሬሙን ጥፋት አያርምም።

የጎማውን መጠን የሚያውቁት ጎኑ ላይ ከታተመው ቁጥር ነው። በ622 የሚያልቀው ትልቁ፣ በ584 የሚያልቀው መካከለኛው፣ በ559 የሚያልቀው ደግሞ ሃያ ስድስት የሚባለው ነው። ትንሽ ፍሬም ላይ ትልቅ ጎማ ሲገጠም የጫማው ጫፍ መሪው በሚዞርበት ጊዜ የፊት ጎማውን ይነካል፤ ይህም በዝግታ በሚታጠፉበት ቦታ ይጥላል። ለማረጋገጥ ተቀምጠው አንዱን ፔዳል ወደ ፊት አግድም ያድርጉና መሪውን ያዙሩት። እኔ ለአጭር ሰው ሃያ ስድስቱን እመርጣለሁ፤ ጎማውም ከመነዳሪውም በቀላሉ ይገኛል።

ክብደትን በተመለከተ ቁጥሩ ከሰውነትዎ ጋር መነጻጸር አለበት። 48 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 16 ኪሎ ብስክሌት የራሱን ክብደት አንድ ሦስተኛ መግፋት ነው፤ በከተማው ሜዳ ባይሰማዎትም ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ሲወጡ፣ ይልቁንም ከአባይ ሸለቆ ወደ ደጀን ሲያቀኑ ይሰማዎታል። ሱቁ ሚዛን ካለው መጀመሪያ ራስዎን፣ ቀጥሎ ብስክሌቱን ተሸክመው ይመዘኑና ይቀንሱ። ማግኔት ይዞ መሄድም ጥሩ ነው፤ ከፍሬሙ ጋር ከተጣበቀ ብረት ነው፤ ካልተጣበቀ ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም በእኩል መጠን ከብረት አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ይመዝናል፤ ነገር ግን ቱቦው ወፈር ተደርጎ ስለሚሠራ ልዩነቱ በፍሬሙ ላይ ያን ያህል አይሆንም። ክሮሞሊ የተባለው የተሻለ ብረት ቱቦው ቀጭን ስለሚሆን ከተራው ብረት ይቀላል፣ ማግኔት ግን ሁለቱን አይለያቸውም፤ በፍሬሙ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብና ማንሳት ያስፈልጋል። ካርቦን ከሁሉም ቢቀልም የተደበቀ ስንጥቅ በዓይን ስለማይታይ ያገለገለ ካርቦን እንዲገዛ አልመክርም። የተሰነጠቀ ብረት በየትኛውም ብየዳ ቤት ሊጠገን ሲችል፣ አሉሚኒየም ግን ከተበየደ በኋላ ልዩ የሙቀት አያያዝ ስለሚፈልግ ጥገናው አስተማማኝ አይደለም። ከከተማ ውጭ ለሚኖር ሰው ይህ ከግማሽ ኪሎ ልዩነት ይበልጣል።

የቀረው ጥቃቅን ነው። የፔዳል ክንዱ ርዝመት ብዙ ጊዜ በውስጥ በኩል ተቀርጾ ይገኛል፤ 170 ሚሊ ሜትር የተለመደ ሲሆን ለአጭር እግር 160 ወይም 165 ቢሆን ጉልበት ያርፋል። የፍሬን መያዣው ላይ ካለችው ትንሽ ብሎን ጋር ይተዋወቁ፤ እሷን በማዞር መያዣውን ወደ ትናንሽ ጣቶች ማቅረብ ይቻላል።

ሁሉም ከተስማማዎት ሳይከፍሉ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ይንዱት፤ ክንድዎ ክርኑ ላይ ትንሽ መታጠፍ አለበት። ትክክለኛውን የመቀመጫ ከፍታ ካገኙ በኋላ በመቀመጫው ዘንግ ላይ ፍሬሙ በሚጀምርበት ቦታ ናስትሮ ይጠምጥሙ፤ ጠጋኙ ለአንድ ሥራ ዝቅ ያደረገውን መቀመጫ በነበረበት መልሶ የሚያቆመው ያኔ ብቻ ነው።