እጅ የማይጠየፍ ሐውልት፦ ለከተማ አደባባይ የሚዳሰስ ቅርጽ እንዴት ይነደፋል?

በአደባባዮቻችን ከቆሙት ሐውልቶች ብዙዎቹ በአጥር የተከለሉ ናቸው። ሰው ቆሞ ያያቸዋል፣ ፎቶግራፍ ይነሳል፣ ያልፋል። ደሴ ላይ ግን ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» ይባላል፤ ሀብታም ድኻ ሳይል ሁሉን ይቀበላል ማለት ነው። ለወሎ ከተማ አደባባይ ቅርጽ ለሚነድፍ ሰው ከዚህ ስም የተሻለ መነሻ አላውቅም። የማንንም እጅ የማይጠየፍ፣ ሲነኩት መልስ የሚሰጥ ሐውልት እንሥራ። እዚህ የማሳያችሁ በብረት ቱቦዎች የአምባሰልን ቅኝት የሚያሰማ ቅርጽ ነው።

መጀመሪያ እርሳሱን አስቀምጡና አደባባዩ ላይ ተቀመጡ። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ፤ በገበያ ቀንም በሌላ ቀንም። ሰው ታክሲ የሚጠብቀው የት ነው? ጥላው ወዴት ይዞራል? ልጆች የሚሯሯጡት በየት በኩል ነው? መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ ምን ያህል ይቀርባሉ? ድምፅ ያለው ሐውልት ሶላትንም ቅዳሴንም መረበሽ የለበትም፤ ስለዚህ የሁለቱንም ወገን ሽማግሌዎች ንድፉ ከመጀመሩ በፊት አማክሩ። በወሎ ይህ ከባድ አይደለም፤ ሽማግሌዎቹ ድሮም አንድ ረከቦት ዙሪያ የሚቀመጡ ናቸው።

ቀጥሎ አንድ ድርጊት ብቻ ምረጡ፤ መምታት፣ ማዞር ወይም መግፋት። ሦስቱንም ልሞክር ያለ ንድፍ አንዱንም በቅጡ አይሠራም። በክሮኤሺያዋ ዛዳር ከተማ በ2005 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተሠራው የባሕር ኦርጋን ለዚህ ጥሩ ትምህርት ነው። ከባሕሩ ዳር ደረጃዎች ሥር 35 ቱቦዎች አሉ፤ ማዕበሉ አየር እየገፋ ያስዜማቸዋል። ከተማዋ ያላትን ነው የተጠቀመችው። ወሎ ያላት ደግሞ ቅኝት ነው፤ ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የዚሁ አገር የቦታ ስሞች ናቸው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ መብራትና ድምፅ ማጉያ አልመክርም። መብራት ሲጠፋ ሐውልቱም ዝም ይላል፤ አንዴ የተበላሸ ዕቃ ደግሞ ጠጋኝ እስኪያገኝ ዓመት ይቆማል።

አሁን ወደ ቱቦዎቹ። ለዚህ ቅርጽ የመረጥነው ድርጊት መምታት ነው፤ ቱቦዎቹም ስድስት ናቸው። ስድስቱም ከአንድ ዓይነት የማይዝግ ብረት፣ በአንድ ስፋትና በአንድ ውፍረት ይቆረጡ። ውጫዊ ስፋቱ 50፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ የ100 ሳንቲ ሜትር ቱቦ በሰከንድ ወደ 300 ጊዜ ይርገበገባል፤ ለጆሮ የሚመች ድምፅ ነው። የማሲንቆ ክር በግማሽ ሲያጥር ንዝረቱ እጥፍ ይሆናል፤ ሲመታ የሚደወል ቱቦ ግን በግማሽ ሲያጥር አራት እጥፍ ነው የሚፈጥነው። ስለዚህ ትንሽ መቁረጥ ብዙ ይለውጣል። ለአምባሰል የሚሆኑት ርዝመቶች 100፣ 97.2፣ 86.6፣ 81.7 እና 79.4 ሳንቲ ሜትር ናቸው፤ ስድስተኛው፣ የመጀመሪያውን ድምፅ ከፍ አድርጎ የሚደግመው፣ 70.7 ነው። ብየዳ ቤቱ ከዚህ ሦስት ሚሊ ሜትር አስረዝሞ ይቁረጥላችሁ። ከዚያ አንድ የክራር ተጫዋች ጋብዙና በሞረድ እየሳላችሁ በእሱ ጆሮ ፍረዱ። ቱቦው ሲያጥር ድምፁ ይቀጥናል፤ የቀጠነውን መልሶ ማወፈር ግን አይቻልም።

የሚታሰርበት ቦታ ከሁሉ ይበልጣል። የ100 ሳንቲ ሜትሩን ቱቦ መሃሉን ይዛችሁ ምቱት፤ ድምፁ ወዲያው ይታፈናል። ከጫፉ 22.4 ሳንቲ ሜትር ላይ በሁለት ጣት ብቻ አንጠልጥላችሁ ምቱት፤ እንደ ደወል ረጅም ጊዜ ይጮኻል። ያ ነጥብ ቱቦው ሲርገበገብ የማይንቀሳቀስበት ነው። ለእያንዳንዱ ቱቦ ርዝመቱን በ0.224 አባዙና ከሁለቱም ጫፍ ለክታችሁ፣ በዚያ ላይ ብቻ፣ ላስቲክ አልብሳችሁ እሰሩት።

ቋሚውን ከመበየዳችሁ በፊት በእንጨት ጊዜያዊ ማቆሚያ ሠርታችሁ አደባባዩ ላይ አንድ ቀን አውሉት። ራቅ ብላችሁ ተመልከቱ፣ ምንም አታስረዱ። አንድ ሕፃን ጣቱን ይሰዳል፤ እናቱ «ተው፣ አትንካ!» ብላ እጁን ትስበዋለች። ይህ ከተደጋገመ ቅርጹ ራሱ «ንኩኝ» አላለም ማለት ነው፤ መምቻውን ዝቅ አድርጉ፣ መያዣው ላይ እጅ የለመደውን እንጨት ጨምሩ። «አብሽር፣ ንካው ልጄ» የሚሉ አባት ሲገኙ ንድፉ ሠርቷል።

መምቻው በገመድ የታሰረ መዶሻ አይሁን፤ ገመድ የልጅ አንገት ላይ ይጠመጠማል። በማጠፊያ የተያዘ፣ ራሱ በጠንካራ ላስቲክ የተሸፈነ አጭር ክንድ ይሻላል። ከፍታው ከመሬት ከ40 እስከ 120 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ሕፃኑም፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደውም ይደርስበታል። ከ8 እስከ 25 ሚሊ ሜትር የሆነ ክፍተት ጣት ይይዛል፤ ከ9 እስከ 23 ሳንቲ ሜትር ያለው ደግሞ የልጅ ጭንቅላት። እነዚህን ልኮች ከንድፉ አስወጡ። ጠርዞቹን ሁሉ በእጃችሁ ዳስሱ፤ ዓይን የሚያልፈውን ስለት መዳፍ አያልፈውም።

መሠረቱ የመሐንዲስ ሥራ ነው። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ አፈር በሚንሸራተትበት ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች ያለ አፈር ምርመራ ኮንክሪት አታፍስሱ። ፈቃዱን ከማዘጋጃ ቤት ስታወጡ የጥገናውን ገንዘብና ኃላፊውን በዚያው ሰነድ ላይ አስጽፉ።

በየዓመቱ ክረምቱ እንደወጣ፣ መስከረም ላይ፣ ስድስቱንም ቱቦዎች አንድ በአንድ ምቱ። የደነዘዘ ድምፅ ከሰማችሁ ወይ ላስቲኩ ደርቋል፣ ወይ አንዱ ቡሎን ላልቶ ቱቦውን ነክቶታል። ላስቲኩን ለውጡ፣ ዳዶውን አጥብቁ፣ እንደገና ምቱና አድምጡ።