ኤችቲኮንዶር፦ ከተከላው እስከ ዕለታዊ አስተዳደሩ

የኮምፒውተር ክፍል ማሽኖች ማታ ሥራ ፈተው ያድራሉ፤ ተመራማሪው ግን አንድ ላፕቶፕ ላይ ስሌት ጭኖ ሳምንት ይጠብቃል። ኤችቲኮንዶር እነዚህን ማሽኖች በአንድ ወረፋ ሥር ያሠራል። በ1988 እ.ኤ.አ. በዊስኮንሲን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ነጻ ሶፍትዌር ሲሆን እስከ 2012 ድረስ ስሙ ኮንዶር ብቻ ነበር። የሚመቸው እርስ በርስ ለማይነጋገሩ ብዙ ትናንሽ ሥራዎች ነው። በብዙ ማሽን ላይ ተበትኖ በየቅጽበቱ መረጃ ለሚለዋወጥ አንድ ትልቅ ስሌት ስለርም የተባለውን ሌላ የወረፋ ሶፍትዌር ይምረጡ።

ሦስት ዓይነት ማሽን ያስፈልጋል። ማዕከላዊው አስተዳዳሪ ሥራና ማሽን ያገናኛል፤ የማስገቢያው ማሽን ወረፋውን ይይዛል፤ ሠራተኞቹ ስሌቱን ያካሂዳሉ። ለሙከራ ሦስቱም አንድ ማሽን ላይ መሆን ይችላሉ።

ከመጫንዎ በፊት ኔትወርኩን ያስተካክሉ፤ አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ከዚያ ነው። ለማዕከላዊው ማሽን ቋሚ አይፒ ይስጡ፤ ሁሉም ማሽኖች በስሙ ሊያገኙት ይገባል። ኡቡንቱ ሲጫን የማሽኑን ስም ሆስትስ በሚባለው የስምና የአድራሻ ዝርዝር ፋይል ውስጥ ከ127.0.1.1 ጋር ያያይዛል። ያንን በእውነተኛው አይፒ ይተኩት፤ አለዚያ ማሽኑ ራሱን ሌሎች በማይደርሱበት አድራሻ ሊያስተዋውቅ ይችላል። በፋየርዎሉ ላይ የቲሲፒ ፖርት 9618ን ይክፈቱ። የሁሉንም ሰዓት ከአንድ የሰዓት ሰርቨር ጋር ያስተካክሉ፤ ሰዓቱ የተዛባ ማሽን ቶከኑ (ማንነቱን የሚያሳይበት ዲጂታል ማረጋገጫ) ውድቅ ሊሆንበት ይችላል።

በሊኑክስ ላይ ከፕሮጀክቱ ድረ ገጽ የሚገኘውን የመጫኛ ስክሪፕት በሩት (በዋና አስተዳዳሪ) መብት ያስኪዱ። ለሁሉም ማሽን አንድ ዓይነት ጠንካራ የይለፍ ቃል ይስጡ፤ ማሽኖቹ የሚተዋወቁት በእሱ ነው። በ«ሴንትራል-ማናጀር» አማራጭ ማዕከላዊውን ያስቀድሙ፣ ከዚያ በ«ሰብሚት» የማስገቢያውን፣ በ«ኤክሲኪዩት» ሠራተኞቹን ይትከሉ። ከሦስቱም አማራጮች ጋር የማዕከላዊው ስም ይጻፋል። «ኖ-ድራይ-ረን» የሚለውን ካልጨመሩ ስክሪፕቱ ምን እንደሚያደርግ አሳይቶ ያቆማል እንጂ ምንም አይጭንም። ሲጨርሱ «ኮንዶር_ስታተስ» ብለው ይጠይቁ፤ ሠራተኞቹ መዘርዘር አለባቸው።

ሥራ የሚገባው በትንሽ የጽሑፍ ፋይል ነው፦ የፕሮግራሙ ስም፣ የውጤት፣ የስህተትና የሎግ (የሥራው ሂደት መዝገብ) ፋይሎች፣ የሚፈለገው ፕሮሰሰር፣ ሚሞሪና ዲስክ፣ በመጨረሻም «ኪዩ 100»። መቶዎቹ ሥራዎች ከ0 እስከ 99 ቁጥር ያገኛሉ። ይህን ቁጥር በውጤት ፋይሉ ስም ውስጥ ካላስገቡት ሁሉም አንድ ፋይል ላይ ይጽፋሉ፤ የአንዱ ውጤት የሌላውን ያጠፋል። ፋይሉን በ«ኮንዶር_ሰብሚት» ያስገቡ፣ በ«ኮንዶር_ኪው» ይከታተሉ። ማጣመሩ የሚካሄደው በደቂቃ አንድ ጊዜ አካባቢ ስለሆነ ወዲያው ካልጀመረ አይደንግጡ።

ደቂቃዎች አልፈው ሥራው አሁንም ተራ እየጠበቀ ከሆነ «ኮንዶር_ኪው» ላይ «ቤተር-አናላይዝ» እና የሥራውን ቁጥር ጨምረው ይጠይቁ። የትኛው መስፈርት ስንት ማሽን እንዳስቀረ ይነግርዎታል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የሚሞሪ ጥያቄው ነው፤ 16 ጊጋባይት የጠየቀ ሥራ 8 ጊጋባይት ባላቸው ማሽኖች መሃል ዘላለም ይጠብቃል። አሳንሶ መጠየቅም መፍትሔ አይደለም፤ ከጠየቀው በላይ የተጠቀመ ሥራ ይታገዳል። የታገደበትን ምክንያት በ«ኮንዶር_ኪው ሆልድ» ያንብቡ፣ ሚሞሪውን በ«ኮንዶር_ኪውኤዲት» በሜጋባይት ያስተካክሉ፣ ከዚያ በ«ኮንዶር_ሪሊስ» ይልቀቁት። ግምት አያስፈልግም፦ መጀመሪያ አምስት ሥራ ብቻ አስገብተው ሎጋቸውን ይክፈቱ። መጨረሻው ላይ የተጠየቀውና በትክክል የዋለው ሚሞሪ ጎን ለጎን ተጽፏል፤ ከዋለው ትንሽ ከፍ አድርገው የቀሩትን ይላኩ። ዊንዶውስ ላይ የተጻፈ ስክሪፕት ፋይሉ በቦታው እያለ «ፋይሉ የለም» በሚል ከታገደ፣ ጥፋቱ በየመስመሩ መጨረሻ ያለው የማይታይ ምልክት ነው፤ በ«ዶስቱዩኒክስ» ያጽዱት።

ቅንብር ሲለውጡ ዋናውን ፋይል አይንኩ። በ«ኮንፊግ.ዲ» ፎልደር ውስጥ የራስዎን ፋይል ይፍጠሩ፤ ፋይሎቹ በስም ቅደም ተከተል ይነበባሉ፣ የመጨረሻው ያሸንፋል። ከዚያ «ኮንዶር_ሪኮንፊግ» በቂ ነው፤ የስሎት አከፋፈል (ማሽኑ ለሥራዎች የሚከፋፈልበትን መንገድ) ከለወጡ ግን ዳግም ማስነሳት ግድ ይላል። ተማሪ ቀን ቀን የሚጠቀምባቸው ማሽኖች ላይ የ«ዴስክቶፕ» ፖሊሲን ያብሩ፤ ሥራ የሚጀምረው ኪቦርዱ 15 ደቂቃ ሳይነካ ሲቆይ ነው። ሊኑክስ ላይ የዩኤስቢ ኪቦርድ እንዲታወቅ «ኮንዶር_ኬቢዲዲ»ንም ይጫኑ፤ ያለሱ ሥራው ተማሪው እየተየበ ይጀምራል።

መብራት ሲጠፋ ወረፋው አይጠፋም፤ የማስገቢያው ማሽን ዲስክ ላይ ተጽፏል። ስለዚህ ዩፒኤስ ካለዎት ለዚያ ማሽን ይስጡት፣ ዲስኩም እንዳይሞላ ይከታተሉ። የጠፋ ሠራተኛ ግን በ«ኮንዶር_ስታተስ» ዝርዝር ላይ እስከ 15 ደቂቃ ሊታይ ይችላል። የያዘውን ሥራ ሥርዓቱ በነባሪ ቅንብሩ እስከ 40 ደቂቃ ጠብቆ ለሌላ ማሽን ይሰጠዋል፤ ፕሮግራሙ የደረሰበትን የማያስቀምጥ ከሆነ ከዜሮ ይጀምራል። ረጅም ስሌትን በአንድ ሁለት ሰዓት በሚያልቁ ቁርጥራጮች መክፈል ከዚህ ኪሳራ ያድናል። ማሽን ለጥገና ሲያወጡም ዝም ብለው አያጥፉት፤ በ«ኮንዶር_ኦፍ» ላይ «ፒስፉል» የሚለውን አማራጭ ጨምረው አዲስ ሥራ እንዳይቀበል ያድርጉ፣ የያዘውን እስኪጨርስ ይጠብቁት።